የወንድሜ የዶፓሚን ምርመራ «ኖርማል» መጣ፤ ታዲያ አልታመመም ማለት ነው?

ታላቅ_እህት
ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እኛ የማንሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረ። ጎረቤቶቹ ስሙን እያነሱ እንደሚያሙት እርግጠኛ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍንና ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያድር ነበር። ሐኪሙ ስኪዞፍሬኒያ ነው አለን። መድኃኒት ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ ብርድ ልብሱን ራሱ አወረደው። አሁን ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትምህርቱንም ቀጥሏል።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። እናቴ ከሰው ሰምታ አንድ የግል ላብራቶሪ ወሰደችው። የአእምሮ ኬሚካል ይለካል ተብላ ነው። ውጤቱ አንድ ገጽ ነው። «ሆሞቫኒሊክ አሲድ» የሚል መስመር አለው፤ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ «ኖርማል» ይላል። ከሥሩ የዶፓሚን መለኪያ እንደሆነ ተጽፏል።

እናቴ ወረቀቱን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ለመጣው ሰው ሁሉ ታሳያለች። «ልጄ ደህና ነው፣ ደሙ መሰከረ» ትላለች። መድኃኒቱ ይቁም እያለች ነው። ወንድሜም ሊያምናት ይፈልጋል። እንዴት አይፈልግ? ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ክኒኑን ይዋጥ አይዋጥ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስኪዞፍሬኒያ ከዶፓሚን ጋር እንደሚያያዝ ሐኪሙ ራሱ ነግሮናል። ታዲያ ዶፓሚኑ ልክ ከሆነ እናቴ ተሳስታለች ልላት የምችለው በምን አፌ ነው? የሚያውቅ ይርዳኝ።


የልጅ_አባት
ሰኞ ማታ

አይዞሽ እህቴ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ስለ ኬሚካሉ የሚያውቁ ይመልሱልሻል። ግን ክኒኑ ተቋርጦ ከሆነ ነገ ጠዋት ሳይረፍድ ለሐኪሙ ደውዪ። መልስ እዚህ እስክታገኚ አትጠብቂ።


የማታ_ተረኛ
ሰኞ ሌሊት

በአእምሮ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ወንድምሽን አላየሁትም፣ ስለዚህ ስለ እሱ በግል መወሰን አልችልም። ስለ ወረቀቱ ግን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ይህ ቁጥር አንድ ሰው ታሟል ወይም አልታመመም ብሎ ለመመስከር አቅም የለውም። ከፍ ቢልም፣ ዝቅ ቢልም፣ መሀል ላይ ቢውልም ያው ነው። ስኪዞፍሬኒያን የሚለይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም።

ከላይ እንደተባለው አስቸኳዩ ነገር ክኒኑ ነው። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ የደመረ ነው። መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ሰዎች በባዶ ክኒን ሲተካባቸው ከ7 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከ100ው ወደ 64ቱ አገረሸባቸው። መድኃኒቱን ከቀጠሉት ግን ወደ 27ቱ ናቸው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። መቀነስም ማቆምም ለዘላለም አይታሰብም አላልኩም። የሚታሰበው ግን ከሐኪሙ ጋር ተመክሮ፣ ቀስ በቀስ ነው። በአንድ ወረቀት ተነስቶ በአንድ ቀን አይደለም።

ክኒኑን ስለማቆሙ ስትጠይቂው አትቆጪው። «ሰሞኑን ረስተኸው ይሆን?» ብለሽ ጀምሪ። ሰው ሲቆጡት ይደብቃል።


የናሙና_ክፍል
ማክሰኞ ጠዋት

ዶክተሩ አጭር መልሱን ሰጥተውሻል። እኔ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልንገርሽ። ለእናትሽ ስታስረጂ «ዶክተር ብሏል» ብቻ አይበቃም።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሦስት ዓመት ለጥናት ተብሎ ይህንኑ ሆሞቫኒሊክ አሲድ ስለካ ቆይቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ የተለካው ዶፓሚን አይደለም። ዶፓሚን ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ኢንዛይሞች ይቀባበሉታል። አንዱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ነው፣ ሌላው ኮምት ይባላል። ሁለቱ አፍርሰውት መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ሆሞቫኒሊክ አሲድ ነው። ይህ ወደ ደም ይገባል፣ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ነገሩ አመዱን አይቶ የነደደውን እንጨት እንደመገመት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የአንጎል ዶፓሚን ራሱ ወደ ደም ወጥቶ አይለካም፣ በአንጎልና በደም መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። ትራፊው ግን ይወጣል።

ጥያቄው አመዱ የማን ምድጃ ነው የሚለው ነው።

ዶፓሚን የሚሠራው አንጎል ብቻ አይደለም። ልብን፣ የደም ሥርንና ሌላውንም አካል የሚያዙት ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ኖርአድሬናሊንን የሚሠሩት ከዶፓሚን ነው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ኖርአድሬናሊን ሳይሆን በመንገድ ላይ ይፈርሳል። ኩላሊት የራሱን ዶፓሚን ይሠራል። አንጀትና አካባቢው ደግሞ ያስገርማል። በሰውነት ከሚመረተው ዶፓሚን ግማሽ የሚጠጋው ከዚያ እንደሚመጣ በ1990ዎቹ ተለክቷል። ይህ ሁሉ እየፈረሰ እዚያው ደም ውስጥ ይደባለቃል። በደም ውስጥ ካለው ሆሞቫኒሊክ አሲድ የአንጎል ድርሻ ትንሹ ነው። ከዚያችም ትንሽ ድርሻ ውስጥ አብዛኛው እንቅስቃሴን ከሚመራው የአንጎል ክፍልና ከሌላውም ነው የሚመጣው። በዚህ ሕመም ከሚጠረጠረው ቦታ ብቻ የመጣውን ለይቶ የሚያሳይ ነገር የለም።

አሁን ስለ አለካኩ። እኛ ጋ በጎ ፈቃደኛው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ አይቀምስም። ጠዋት ሲመጣ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ መርፌው ክንዱ ላይ ይገባል፣ ግን ወዲያው ደም አንወስድም። ጸጥ ብሎ ተኝቶ ይቆያል። ከዚያ ደሙ በቀዝቃዛ ቱቦ ይወሰዳል፣ ቱቦው በረዶ ላይ ይቀመጣል፣ በሚቀዘቅዝ ሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል። ከላይ የሚቀረውን ገለባ የመሰለ ቢጫ ፕላዝማ በጥንቃቄ ቀድተን በጣም ቀዝቃዛ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። መሣሪያው ላይ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ጫፎች ይነሳሉ፣ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ንጥረ ነገር ነው። የእኛው ጫፍ ቀጭንና ዝቅ ያለ ነው። ጎረቤቱ ከተጠጋው ንባቡ ይበላሻል።

አንድ ጠዋት የአንድ ጤነኛ ፈቃደኛ ቁጥር ከሌላው ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ አገኘነው። ሦስት ጊዜ ደገምነው። መሣሪያው ደህና ነው። ስንጠይቀው ከመምጣቱ በፊት ሙዝ በልቶ ነበር። ሙዝ ውስጥ ብዙ ዶፓሚን አለ። ሰውየው ምንም አልሆነም፣ ቁርሱን ነው የለካነው።

ወንድምሽ ደም ሲሰጥ በባዶ ሆድ ነበር? ተኝቶ ነበር? ቱቦው በረዶ ላይ ተቀምጧል? ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ መድኃኒት ላይ ነበር?


ታላቅ_እህት
ማክሰኞ ከሰዓት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደውዬ ነበር፣ ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጡን። ወንድሜንም እንዳላችሁኝ ጠየቅኩት። ለሦስት ቀን እንዳልወሰደ አመነ። ለሐኪሙ ነገርኩት፣ እንዲቀጥል አዘዘው፣ ማታ ፊቴ ይውጣል ብያለሁ።

ቁርሱን በልቶ ነው የሄደው። ከዚያ በእግር። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወዲያው ነው ደሙ የተወሰደው። በረዶ አላየሁም ይላል፣ ከፊቱ ግን ላይሆን ይችላል። መድኃኒቱን ያኔ በደንብ እየወሰደ ነበር፣ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል።


የናሙና_ክፍል
ማክሰኞ ከሰዓት

እንግዲያው ከሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ይህን ቁጥር ይነካዋል። እንዴት እንደሆነ ዶክተሩ ከእኔ በላይ ያስረዱሻል። ላብራቶሪው ይህን ሳይጠይቅ «ኖርማል» ብሎ መጻፉ ያሳዝናል። የሠራው ባለሙያ መሣሪያውን በትክክል አሠርቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ትርጉሙ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።


ቀጥተኛ
ማክሰኞ ማታ

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ስኳር ሲባል ደም ይለካል። ጉበት ሲባል ደም ይለካል። የአእምሮ ሐኪም ግን አናግሮ ብቻ «ዶፓሚንህ በዝቷል» ይላል። ዶፓሚኑን እንለካ ሲባል ደግሞ «አይለካም» ይባላል። ታዲያ ዶፓሚን በዝቷል የሚለውን ከየት አመጣችሁት? ቤተሰብ ግራ ቢገባው ምን ይገርማል?

አጎቴ በዚህ ሕመም 20 ዓመት ተሠቃይቷል። ለማጣጣል አይደለም የምጠይቀው።


የማታ_ተረኛ
ማክሰኞ ሌሊት

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፣ በሚገባ መመለስ አለበት።

ሐሳቡ የተወለደው ከመድኃኒቱ ነው። በ1952 ፓሪስ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የሚባል መድኃኒት በሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር አጥብቆ ማመን) ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ጸጥ አሉ። ለምን እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ዶፓሚን ራሱ አንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ያሳየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በ2000 ኖቤል ተሸልሞበታል። በ1963 እሱና ሊንድክቪስት ለአይጦች ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ሰጡ። ከዚያ አንጎላቸው ውስጥ የዶፓሚን ትራፊ ጨምሮ አገኙት። ልብ በል፣ ያኔም የለኩት ትራፊውን ነው። ትርጓሜያቸው ይህ ነበር፦ መድኃኒቱ የዶፓሚንን መልእክት የሚቀበለውን የነርቭ በር፣ ተቀባዩን፣ ይዘጋዋል፣ ነርቩ መልእክቴ አልደረሰም ብሎ አብዝቶ ይልካል፣ ትራፊውም ይበዛል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የእነዚህ መድኃኒቶች ጉልበት ዲ2 የሚባለውን የዶፓሚን ተቀባይ አጥብቀው ከመያዛቸው ጋር እንደሚሄድ ታየ። አጥብቆ የሚይዘው መድኃኒት በትንሽ መጠን ይሠራል።

ስለዚህ «ዶፓሚን» የሚለው ቃል ከማናገር ብቻ የመጣ አይደለም። ግን ልክ ነህ፣ አንድ ሕመምተኛ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ያንተ ዶፓሚን በዝቷል» ብለው አልለካሁትም። እንዲህ ብለን የምንናገር ሐኪሞች ብናቆም ይሻላል። የምናውቀው የብዙ ሰው ነገር ነው፣ የምንናገረው ግን ለአንድ ሰው ነው። ግራ መጋባቱ ከዚያ ይመጣል። እኔም ብያለሁ፣ ተጸጽቼበታለሁ።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ። ሰዎች አልሞከሩም እንዳትል። በ1984 ሳይንስ መጽሔት ላይ የፒካርና የባልደረቦቹ ሥራ ወጣ፣ ከአሜሪካ የአእምሮ ጤና ብሔራዊ ተቋም። ለሕመምተኞች መድኃኒት ሰጥተው በየሳምንቱ ደም ወሰዱ። በሳምንታት ውስጥ የሆሞቫኒሊክ አሲዱ መጠን እየወረደ ሄደ። ሰውየው እየተሻለው ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ ወረደ። በዓመቱ በ1985 ዴቪስና ባልደረቦቹ እዚያው መጽሔት ላይ ሕመሙ የከበደባቸው ሰዎች ቁጥራቸው ከፍ እንደሚል ጻፉ። ያኔ የነበረውን ተስፋ ማሰብ ትችላለህ። ወገብ ላይ መርፌ ገብቶ የአከርካሪ ፈሳሽ ሳይቀዳ፣ ክንድ ላይ በተወሰደ ደም ብቻ አንጎልን ማየት!

ያ ተስፋ ግን ወደ ክሊኒክ አልገባም። በቡድን ሲታይ ልዩነት አለ። አንድ በአንድ ሲታይ ግን የታመሙትና የጤነኞቹ ቁጥሮች እርስ በርስ ተደራርበዋል። በሌሎች ተመራማሪዎች ሥራም ውጤቱ አንዴ ከፍ ያለ፣ አንዴ እኩል፣ አንዴ ዝቅ ያለ ሆኖ ይመጣ ነበር። ከአንጎል ውጪ የሚመጣውን ለመቀነስ ዴብሪሶክዊን የሚባል መድኃኒት ተጠቅመዋል። እሱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን ከአንጎል ውጪ ብቻ ነው የሚያግደው። ድብልቁን አቀለለው እንጂ አልፈታውም።

ታላቅ እህት፣ ያንቺ ነገር እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ነርቮቹ ለሳምንታት ከሮጡ በኋላ ግን ይደክማሉ፣ ብዙዎቹም ዝም ይላሉ፣ ቁጥሩም ይወርዳል። የተሻለው ሰው ላይ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ከዓመት በላይ መድኃኒት ወስዶ የተሻለው ሰው «ኖርማል» ሆኖ ቢገኝ፣ እናትሽ የያዘችው ወረቀት መድኃኒቱ አያስፈልግም ሊል አይችልም። የሚል ነገር ቢኖረው እንኳ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወደሚለው ነው የሚያጋድለው። እኔ ግን ያንንም አልልበትም፤ ቁርስ በልቶ በእግሩ ሄዶ የተወሰደ ደም ነው።


ታላቅ_እህት
ረቡዕ ጠዋት

ይቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ዶክተር፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አመሰግናለሁ።


የመድኃኒት_ባለሙያ
ረቡዕ ጠዋት

ፋርማሲስት ነኝ። ቀጥተኛ «ደም አይለካም» ብሎ እንዳይሄድ ብዬ ነው የገባሁት። በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ቁም ነገር ያላቸው የደም ምርመራዎች አሉ። የሚመልሱት ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

ሊቲየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ መለካት ግዴታው ነው። ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት ቆይቶ ይለካል፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ይመርዛል። ክሎዛፒን የሚባለውን የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሴሎቹ በየጊዜው ይቆጠራሉ፣ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳቸዋልና። ክሎዛፒኑ ራሱም ደም ውስጥ ይለካል። በሚሊሊትር 350 ናኖግራም ገደማ ሳይደርስ «አልሠራም» ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

የዶፓሚንን ነገር በደም ማየት ከተፈለገ ደግሞ ፕሮላክቲን አለ። ፒቱታሪ የምትባለው እጢ ፕሮላክቲን እንዳታበዛ የሚይዛት ዶፓሚን ነው። እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉ መድኃኒቶች ዶፓሚንን ሲያግዱ ልጓሟ ይላላል፣ ፕሮላክቲን ይጨምራል። የሴት የወር አበባ ሊቀር፣ ከጡት ፈሳሽ ሊወጣ፣ በወንድም በሴትም የወሲብ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሰው አፍሮ አይናገርም፣ አፍሮም መድኃኒቱን ይተዋል። ይሄኛውን የደም ምርመራ ሐኪም ሲያዝ ትርጉም አለው።


የናሙና_ክፍል
ረቡዕ ከሰዓት

አንድ ልጨምር፣ ሆሞቫኒሊክ አሲድም የትም አይጠቅምም እንዳይባል። ኒውሮብላስቶማ የሚባል የሕፃናት ካንሰር አለ። ከእነዚያው ከሲምፓቴቲክ ነርቮች ዘር የሚነሳ ነው። በዚህ ካንሰር የሕፃኑ ሽንት ውስጥ ሆሞቫኒሊክ አሲድ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይጨምራል፣ ቫኒልማንዴሊክ አሲድ ከሚባል ዘመዱ ጋር። እዚያ ምርመራው በደንብ ያገለግላል። ምክንያቱም ዕጢው ራሱ ያመርተዋል፣ በብዛትም ያመርተዋል፣ የሌላው አካል ድምፅ አይውጠውም። ያው ንጥረ ነገር ነው፣ ያው መሣሪያ ነው። የተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው የሚለየው።


ቀጥተኛ
ረቡዕ ማታ

መልሱ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር አሁንም ያናድደኛል። ይህ ሁሉ ከታወቀ 30 እና 40 ዓመት ሆኖታል። ታዲያ ላብራቶሪው ይህን ወረቀት ለአንዲት እናት ሸጦ ያለምንም ማብራሪያ ይሸኛል? ያቺ እናት እኮ ሳይንስ ነው ብላ ነው ያመነችው። ሐኪሙን ሳትሰማ ቀርታ ሳይሆን፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ከሰው ቃል ይበልጣል ብላ ነው።


አራተኛ_ዓመቴ
ረቡዕ ሌሊት

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የምጽፈው ከሌላው ወገን ሆኜ ነው። እኔ ራሴ ሕመሙ አለብኝ። አራተኛ ዓመቴ ነው።

እኔም ያንን ወረቀት ፈልጌ ነበር። ግን በተቃራኒው ነው። «ታሟል» የሚል ወረቀት ነበር የምፈልገው። ዘመዶቼ ሰነፍ ነው፣ ቀብጦ ነው፣ ሱስ ነው ይሉኝ ነበር። አንዲት መስመር ደም ውስጥ ተገኝቶ ቢሆን ሁሉም ዝም ይሉ ነበር ብዬ አስብ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ጓደኛዬ ጣቱን ወግቶ ቁጥሩን ያሳያል፣ ማንም አይከራከረውም። እቀናበት ነበር።

ሐኪሜ ያኔ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን አሁንም ትዝ ይለኛል። «ድምፁ ስንት ነው? ወንድ ነው ሴት? ስምህን ይጠራል ወይስ ስለ አንተ እርስ በርስ ያወራሉ?» አለኝ። ሁለት ነበሩ። እርስ በርስ ነበር የሚያወሩት። የማደርገውን እየተከተሉ ይናገሩ ነበር፣ «አሁን በሩን ከፈተ፣ አሁን ውኃ ቀዳ» እያሉ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ሰውየው እንዴት አወቀ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው እንዲሁ ነግሮታል። ቀጥተኛ «አናግሮ ብቻ» ያለው ነገር እንዲህ ነው። ለእኔ ያ ምርመራ ነበር።

ታላቅ እህት፣ ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። መድኃኒቱን የተወው ወረቀቱን አምኖ ብቻ ነው? እኔ በሁለተኛው ዓመት የተውኩት ክብደቴ ስለጨመረና ጠዋት ጠዋት መነሳት ስላቃተኝ ነበር። ሰበብ ነበር የምፈልገው። ያኔ እንዲህ ያለ ወረቀት እጄ ላይ ቢኖር እሱኑ ነበር የማሳየው።


የማታ_ተረኛ
ሐሙስ ማለዳ

አራተኛ ዓመቴ፣ ስለጻፍክልን አመሰግንሃለሁ። መጨረሻ ላይ ያልከውን በየቀጠሮው ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ስለ ተስፋም አንድ ቃል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአእምሮ ሆስፒታሎችን ከሞሉት ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው ዘግይቶ አንጎል የገባ ቂጥኝ የነበረባቸው ናቸው። መታበይ፣ ቅዠት፣ መርሳት ይታይባቸው ነበር። በ1906 ቫሰርማን ለቂጥኝ የደም ምርመራ አወጣ። በ1913 ኖጉቺና ሙር ተህዋሱን ከሟቾቹ አንጎል ውስጥ አገኙት። ያ ሕመም መነሻው ታወቀ፣ በኋላም በፔኒሲሊን ይታከም ጀመር። በ2007 ደግሞ ዳልማውና ባልደረቦቹ የሰውነት መከላከያ ራሱ የአንጎልን ተቀባይ የሚያጠቃበትን ሕመም ገለጹ። እንደ ሳይኮሲስ ነው የሚጀምረው፣ ብዙ ጊዜ በወጣት ሴቶች ላይ። ዛሬ በአከርካሪ ፈሳሽና በደም ይለያል፣ ብዙዎቹም ታክመው ይድናሉ። የመጀመሪያ ሳይኮሲስ ሲመጣ ደም የምናዘው ለዚህ ነው፦ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ እንደ ምልክቱም ሌላ። ስኪዞፍሬኒያ የምንለውን ለማረጋገጥ ሳይሆን ሌላው እንዳያመልጠን ነው።

ዶፓሚንን ራሱን ለማየት ዛሬ የፔት ምስል አለ። ምልክት የተደረገበት ዶፓ (ዶፓሚን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) በደም ሥር ይሰጥና አንጎል ስትሪያተም በሚባለው ቦታ ምን ያህሉን ወደ ዶፓሚን እንደሚቀይር ይታያል። በሳይኮሲስ ላይ ያሉ ሰዎች በአማካይ ከፍ ይላሉ። የተለመዱት መድኃኒቶች የማይሠሩላቸው ግን ብዙዎቹ ከፍ አላሉም። ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል፣ አንድ ስም የሰጠነው ሕመም ምናልባት ከአንድ በላይ ነው። አንዱ ቁጥር ለሁሉም ያልሠራውም በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፔቱም ቢሆን እስካሁን የምርምር መሣሪያ ነው፣ ለአንድ ሰው ምርመራ አይታዘዝም።

ዛሬ ቀጠሯችሁ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ እናትሽም አብራ ትግባ።


ታላቅ_እህት
ሐሙስ ማታ

ሄደን ተመለስን። ሦስታችንም ገባን።

እናቴ ገና ሳትቀመጥ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ሐኪሙ አልናቀባትም፣ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ «እማማ፣ ደሙ ሲወሰድ መድኃኒት እየወሰደ ነበር?» አላት። «አዎ» አለች። «እንግዲያው ይህ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ደም ነው። መድኃኒት የማይወስድ ልጅ ደም ምን እንደሚል ይህ ወረቀት አይነግረንም» አላት። እናቴ ዝም አለች። ስለ አንጀቱና ስለ ኩላሊቱ ደግሞ እኔ ነገርኳት፣ ከዚህ እንደተማርኩት። «የሆዱን ነው የለኩልኝ?» አለችኝ። በከፊል አልኳት።

ወንድሜ ከአራተኛ ዓመቴ የወሰድኩትን ጥያቄ ትናንት ማታ ጠይቄው ነበር። አልመለሰልኝም። ዛሬ ግን ሐኪሙ እኛን ለጥቂት ደቂቃ ውጪ አስቀምጦ ብቻውን አነጋገረው። ሲወጣ እጁ ላይ አዲስ የላብራቶሪ ማዘዣ ነበር፣ ፕሮላክቲን ይላል። ምን እንደነገረው አልጠየቅኩም። መጠኑ ትንሽ ተቀንሶለታል፣ በሦስት ሳምንት ተመልሰን እንድንታይ ነው።

ወረቀቱ አሁንም እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነው። መጣሉን አልወደደችም፣ እኔም አላስገደድኳት። ማታ ግን ክኒኑንና ውኃውን ይዛ የገባችው እሷ ናት።